የሰይዳ ፍንጭት

ቆቦ ገበያ ውስጥ «ሰይዳ ልብስ ሰፊዋ የት ናት?» ብላችሁ ማንንም ብትጠይቁ እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው በአንድ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በዚያችው በእግር በምትረገጥ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሽማግሌ ኮትና የሕፃን ሱሪ ስትሰፋ ኖራለች። እኔ ኢኽላስ እባላለሁ፤ የእህቷ ልጅ ነኝ። ከጎኗ ያለችውን ሁለተኛዋን መኪና የምረግጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ በወሬ የሰማሁትን ሳይሆን ቆሜ ያየሁትን ነው።

አክስቴን ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነበር፤ በእልኳና በፍንጭቷ። የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ መሃል ክር የምታሳልፍ ክፍተት ነበረቻት። ከእናቷ ከሀሊሜ የወረሰችው ነው። ሀሊሜ በዚያ ፍንጭት የተነሳ ዋጃ ውስጥ ስንት ጎረምሳ እንዳስጨነቀች ራሷ ትነግረን ነበር፤ ግማሹን ብንቀንስላት እንኳ ብዙ ነው። ሰይዳ ስትዳር ሴቶቹ ፍንጭቷን እያነሱ ዘፍነውላታል። ልጇ ሀናን ጥርስ ስታበቅል ደግሞ ያቺው ክፍተት እዚያው ቦታዋ ላይ ተገኘች። በኛ አገር ይህ ቁንጅና ነው። ለማንም ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም ነበር።

ስለ እልኳ ደግሞ ልንገራችሁ። ባሏ ካሊድ ሁለተኛ ሚስት ሲያገባባት ሦስት ቀን ቃል አልተነፈሰችም። በአራተኛው ቀን የስፌት መኪናዋን ጋሪ ላይ ጭና፣ የስድስት ወር ልጇን ሀናንን አዝላ፣ ከዋጃ ቆቦ ገባች። ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ ሸረፈዲን፣ «ተመለሺ፣ ሰው ምን ይላል?» ቢላት «አያ፣ ሰው ብሎ ሲጨርስ ንገረኝ» አለችው። ያኔ ገበያው ውስጥ የሚሰፉት ወንዶች ብቻ ነበሩ። መሃላቸው መኪናዋን አስቀምጣ መርገጥ ጀመረች። አንድ ሁለቱ አጉረመረሙ፤ እሷ ረገጠች። ጦርነቱ መጥቶ ከተማው ባዶ ሲሆን የመኪናዋን ራስ ነቅላ ጓሮ ቆፍራ ቀበረችው። ስንመለስ ከቤቱ የቀረልን እሱ ብቻ ነበር። አፈሩን አራግፋ፣ ዘይት አጠጥታ፣ በማግስቱ ሥራ ጀመረች።

እንዲህ ያለችውን ሴት ያሸነፋት ባጃጅ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከሮቢት የዩኒፎርም ጨርቅ ይዛ ስትመጣ ባጃጁ ፍየል አድናለሁ ብሎ ተገለበጠ። ፍየሏ ተረፈች። የሰይዳ አፍ ግን ከፊት ለፊቱ ብረት ጋር ተጋጭቶ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ አስፋልቱ ላይ ቀሩ። እጇ ተጋግጧል፣ ጉልበቷ አብጧል፤ ስለዚያ አንድም ቀን አላማረረችም። አፏን መሸፈን ግን ጀመረች። የሻሿን ጫፍ ወደ ከንፈሯ ሳትስብ አትናገርም፤ ሳቅ ሲመጣባት ወደ ግድግዳ ትዞራለች። ያን ባየሁ ቁጥር ውስጤ ይነድ ነበር። ባሏን ጥላ ስትወጣ ያላፈረች፣ በወንዶች መሃል ስትቀመጥ ያላፈረች ሴት በባጃጅ ታፍራለች? እንዲህ ብዬ ግን አልተናገርኳትም። ማን ደፍሮ!

ዘንድሮ ሀናን ታጨች። ሀናን ፋርማሲ ተምራ እዚሁ ቆቦ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሙሽራው ሰላሁዲን የወልዲያ ልጅ ነው፤ ክፉ የምለው የለኝም። የሰርጉ ቀን ሲቆረጥ ሰይዳ «በልጄ ሰርግ በሻሽ ታፍኜ አልቆም» ብላ ተነሳች። ሦስታችን ሚኒባስ ይዘን ወልዲያ ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድን።

ሐኪሙ ዶክተር ኡበይድ ይባላል። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው። መጀመሪያ ተነቃይ ጥርስ አሳያት።

«ሲተኙ እያወለቁ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡታል» አላት።

«ከእኔ ጋር የማያድር ጥርስ አልፈልግ» አለችው።

ሳቀና ሌላውን፣ ብሪጅ የሚሉትን፣ አስረዳት። ከባዶው ቦታ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጤነኛ ጥርሶች ዙሪያቸውን ይሞረዳሉ። ከዚያ አራት ጥርስ ሆኖ የተሠራ አንድ ወጥ ነገር ይመጣል። የግራና የቀኝ ጫፉ በተሞረዱት ላይ እንደ ቆብ ይጠልቃል፤ መሃሉ ባዶውን ይሻገራል። አንዴ ከተጣበቀ አይወልቅም። ሰይዳ ጤነኛ ጥርስ ይሞረዳል ሲባል ፊቷ ተለወጠ፤ ደህና ጨርቅ በከንቱ መቁረጥ የማትወድ ሴት ናት። ቢሆንም መቀሱን ካነሳች አታመነታም። «በል፣ ቢስሚላህ» ብላ አፏን ከፈተች። ማደንዘዣ ወጋት፣ ሞረደላት፣ ሊጥ የመሰለ ነገር አስነክሶ ልኬቷን ወሰደ፣ የተሞረዱትን ሁለቱን በጊዜያዊ ቆብ ሸፈነላት። ልኬቱ ጥርስ ወደሚሠራው ባለሙያ ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

በዚያ ሁሉ መሃል ስለ ፍንጭቷ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩ፣ ሀናንም አልተናገረች። ቆቦ ውስጥ የሰይዳን ፍንጭት የማያውቅ የለም፤ ሐኪሙ የቆቦ ሰው አለመሆኑ ለማናችንም ትዝ አላለንም።

ጥርሱ ደርሷል ተብለን የተጠራነው ሰርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ነው። ዶክተሩ ለሙከራ ሳያጣብቅ አስገባላት። ነጭ፣ እኩል፣ ግጥም ያለ ጥርስ። ረዳት ነርሷ አጨበጨበች። እኔም እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሆነ ነገር እንደጎደለ ተሰምቶኛል፣ ግን ከሁለት ዓመት ባዶ አፍ በኋላ ማን ያማርጣል ብዬ ዋጥኩት።

ሀናን ግን ዘላ ተነሳች። «እማ! አምሮብሻል! ወላሂ አሥር ዓመት ነው የቀነስሽው!» አለች። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ የኔንም እንዲህ ግጥም ማድረግ ይቻላል?»

«ያንቺማ ቀላል ነው» አላት። «መሞረድም አያስፈልገው። በአንድ ቀጠሮ ሞልቼ እዘጋዋለሁ።»

«ከሰርጉ በፊት?»

«ሐሙስ ነይ።»

ሰይዳ መስተዋቱን ይዛ ይህን ሁሉ ትሰማለች። መስተዋቱን አየች፣ ልጇን አየች፣ እንደገና መስተዋቱን አየች። ከዚያ መስተዋቱን ለነርሷ መለሰችላትና ሐኪሙን «አውጣው» አለችው።

«አመመዎት እናቴ?»

«አላመመኝም። ይህ የእኔ አፍ አይደለም። ፍንጭት ነበረኝ።»

ዶክተሩ ደነገጠ። ፍንጭቱን ሰምቶ ቢሆን ኖሮም አይሠራውም ነበር፤ ብሪጅ አንድ ወጥ ነው፣ መሃሉ ከተከፈተ ምን ይይዘዋል? ደግሞስ ሰው ክፍተት ሊያስዘጋ ነው የሚመጣ እንጂ ሊያስከፍት? ይህን ሁሉ በትሕትና ነገራት። እሷ አፏን ከፍታ ጠበቀችው። አወጣላትና ጊዜያዊ ቆቦቹን መለሰላት።

ሚኒባስ ይዘን ወደ ቆቦ ተመለስን። ከሮቢት ስንወጣ ሰይዳ ጀመረች፤ ሻሿ አፏ ላይ ነው።

«ሀናን፣ ፍንጭትሽ ምን አደረገሽ?»

«ምንም አላደረገኝም። ፎቶ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ነው የሚታየኝ። አልወደውም።»

«ሰላሁዲን ዝጊው አለሽ?»

«ኧረ እሱ! እሱ ልብ ብሎ አይቶትም አያውቅ።»

«ታዲያ ማነው ያስጠላሽ?»

ሀናን በመስኮቱ ወደ ማሽላው ዞረች። «አንቺ ነሻ! አፍሽን የምትሸፍኚ አንቺ አይደለሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ! እንግዳ ሲመጣ ወደ ግድግዳ የምትዞሪ አንቺ ነሽ። እኔስ ከማን ልማር?» አለች።

ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞር አሉ። እኔ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ ለካ ሀናንም ስትስቅ እጇ ወደ አፏ ይሄዳል። ሁለት ዓመት አብሬያት እየዋልኩ አላየሁም፤ ዓይኔ ሁልጊዜ እናትየው ላይ ነበር። ቆቦ መናኸሪያ ደርሰን ስንወርድ ሰይዳ ሻሿን ከአፏ ላይ አንስታ ወደ ኋላ ጣለችው። ጫማ ጠራጊው፣ ደላላው፣ ሎሚ ሻጯ ሁሉ የሁለቱን ጥርስ ባዶ ቦታ አዩ። «ምን ታያላችሁ? ጥርስ ወልቆ አይታችሁ አታውቁም?» ብላቸው አለፈች።

ወሬው አጎቴ ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ሸረፈዲን ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ፣ ስማችን እንዳይነሳ የሚጨነቅ ሰው ነው። የስፌት ቦታችን ድረስ መጣ።

«የተሠራልሽን ጥርስ አልፈልግም አልሽ አሉ። ለቁንጅና ብሎ ጥርስን አስፈልፍሎ ክፍተት ማውጣት በሃይማኖታችን የተጠላ መሆኑን አታውቂም?»

ሰይዳ መኪናዋን መርገጥ አላቆመችም። «አያ፣ እኔ መቼ አስፈለፈልኩ? አላህ ነው እንዲህ አድርጎ የሰጠኝ። እሱ የከፈተውን ዝጊ የምትለኝ አንተ ነህ።»

«ሸኹን እጠይቃለሁ።»

«ጠይቅ።»

ሄዶ ጠየቀ። በማግስቱ ተመልሶ መጣና ለሰርጉ ስንት ኩንታል ሩዝ እንደሚያስፈልግ ሲያወራ ዋለ። ስለ ጥርስ ያነሳው ነገር የለም፤ እኛም ለክብሩ ስንል አልጠየቅነውም። ሰይዳ ብቻ ቀና ብላ «አያ፣ ሸኹ ደህና ናቸው?» አለችው። «ደህና ናቸው» አለና ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ሐሙስ የሀናን ቀጠሮ ነው። አክስቴ አትሂጂ አላለቻትም። «አፉ ያንቺ ነው፤ እኔ የራሴን ጉዳይ ይዤ እሄዳለሁ» ብላ ከእኛ ጋር ተሳፈረች። ጉዳዩ በፌስታል ተጠቅልሏል። ዶክተር ኡበይድ ፊት ስትደርስ ፈታችው። ከኮት ገበር የተቆረጡ ጠንካራ ነጭ ጨርቆች ናቸው፤ እንደ ጥርስ አድርጋ አራቱን ሰፍታቸዋለች፣ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። መሃላቸው ክፍት ነው። ከጀርባ ግን ከአሮጌ ጡት መያዣ ያወጣችው ቀጭን ሽቦ ከአንዱ ወገን ተነስቶ፣ ጎበጥ ብሎ ዞሮ፣ ወደ ሌላው ይገባል። ሽቦው ከፊት አይታይም።

«ጎትተው» አለችው።

ጎተተው። አልተላቀቀም።

«በደንብ ጎትት ልጄ! ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ስሰፋ። ከፊት ክፍት ይሁን ያለን ሰው ከኋላ ነው የምናስርለት። የናንተ ጥርስ ሠሪ ይህን ካላወቀ እኔ ዘንድ ይምጣና ላስተምረው።»

ዶክተሩ ጨርቁን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። ከዚያ ፎቶ አንስቶ አዲስ አበባ ላለው ጥርስ ሠሪ ላከና ደወለ። ስልኩ ላይ ያለው ሰው ሲስቅ እኛም ሰማነው። ሳቁን ሲጨርስ ግን ይሠራል አለ። ድሮም የነበረ አሠራር ነው፤ ከላንቃ በኩል የብረት ቀለበት ይደረግለታል፣ ምላስን መጀመሪያ ያስቸግረዋል፣ ኋላ ይለምደዋል። የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ነው እንጂ አይጠፋም አለ። ሰይዳ ይህን ሁሉ በቁም ነገር ሰማች። እኔ ግን የዶክተሩን ጆሮ መቅላት እያየሁ በጣም ደስ አለኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

«ችግሩ፣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል» አለ ዶክተሩ። «ሰርጉ ደግሞ እሑድ ነው። ስለዚህ እናቴ፣ ለሰርጉ የመጀመሪያውን በቀላሉ በሚላቀቅ ማጣበቂያ ላድርግልዎትና በኋላ ልቀይረው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ሰይዳ። «ልጄ ታውቃለች። በልጄ ሰርግ በሰው አፍ አልስቅ።»

ዶክተሩ ከዚህ በላይ አልተከራከረም። ወደ ሀናን ዞሮ «ነይ፣ ያንቺን እንጨርስ» አላት። ሀናን ወንበሩ ላይ ወጣች። መብራቱ ፊቷ ላይ በራ። እናቷ በሩ አጠገብ ቆማ የጨርቅ ጥርሷን ፌስታል ውስጥ ትጠቀልላለች፤ ቀና ብላ አላየቻትም። ሀናን አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከዚያ ከወንበሩ ወረደች። «ከሰርጉ በኋላ እመጣለሁ» አለች።

እሑድ ድንኳኑ ሞልቶ፣ አማቾቻችን ከወልዲያ በሦስት መኪና መጡ። ሰይዳ የራሷ እጅ የሰፋውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ቆመች። ሻሿ ራሷ ላይ ነው፤ አፏ ላይ ምንም የለም። አጎቴ ሸረፈዲን ከኋላዋ ሆኖ «ከንፈርሽን ገጠም አርጊ» እያለ ያንሾካሹካል። የሙሽራው እናት ጀዊሪያ ቀድማ ገባች፤ ሁለቱ ተቃቀፉ። ጀዊሪያ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያየችውን ግን ሳትናገር አታልፍም።

«ምነው እህቴ፣ ጥርስሽን ምን ነካው?»

አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ።

«እየመጣ ነው» አለች ሰይዳ። «አዲስ አበባን ለቋል፤ መንገድ ላይ ነው።» ብላ አፏን እስከ ጥግ ከፍታ ሳቀች።

ጀዊሪያ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ትከሻዋን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። ሀናን ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ለፎቶግራፍ አንሺው ከንፈሯን ገጥማ ፈገግ ስትል የዋለች ልጅ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። የካሜራው መብራት ብልጭ ሲል አየሁ። እኔም በዚያው ጥግ ሆኜ አለቀስኩ፤ ይህን እስካሁን ለማንም አልነገርኩም።

ጥርሱ በተባለው ጊዜ ደረሰ። ዶክተሩ አስገባላት። ሰይዳ መስተዋቱን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ምላሷን ከኋላ ወደ ቀለበቱ ላከች፣ ፊቷን አኮማተረች፣ ከዚያ «ይቺ ናት» አለች። «አጣብቀው።» ዶክተሩ ክር በጥርሷ እንዳትቆርጥ አስጠነቀቃት። እስከ ዛሬ በመቀስ ነው የምትቆርጠው፤ በሕይወቷ የታዘዘችው ትእዛዝ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

የሰርጉ አልበም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሀናንና ሰላሁዲን ቤት ሊጠይቁ መጥተው ሁላችንም ተሰብስበን ነበር። አጎቴ ሸረፈዲን አልበሙን ራሱ ከፎቶ ቤት ይዞ ገባ፤ ፊቱ ላይ ደስታ አለ። ከፈትነው። ያቺ የበሩ ፎቶ አንድ ሙሉ ገጽ ይዛለች። ሰይዳ አፏን ከፍታ ስትስቅ፣ አፏ ውስጥ ነጭ፣ እኩል፣ ግጥም ያለ ጥርስ ተደርድሯል። አጎቴ «ለክብሯ ብዬ ነው፤ ፎቶ አንሺው ልጅ በኮምፒውተር ሲያስገባው ምንም አያስታውቅም» አለ። ፎቶ አንሺው እግረ መንገዱን ሙሽራዋንም አልረሳት፤ የሀናንንም ፍንጭት ዘግቶላታል።

ሰይዳ ትንፋሽ ስትስብ ሰማሁና አሁን ይፈነዳል አልኩ። ግን ቀድማ የተነሳችው ሀናን ናት። አልበሙን ከአጎቴ ጭን ላይ አነሳችው፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ። ቀጥ ብላ ፎቶ ቤቱ ገባች።

አልበሙን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ በጣቷ ነካችው። «የእናቴን ጥርስ አውጣ» አለችው። «የኔንም ክፈተው።»

ፎቶ አንሺው ሳቀ፣ ከዚያ አለመቀለዷን ሲያይ ግራ ገባው። «እህቴ፣ ያንቺን እኮ በስጦታ ነው የሠራሁልሽ! ሰው ሁሉ አሳምርልኝ ብሎ ነው የሚለምነኝ።»

«ያነሳኸው አለ አይደል? ሳትነካው በፊት ያለው?»

«አለ፣ ግን ፈልጌ…»

«ፈልገው። እዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ቆመች። እሱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ በአንድ ሲያሳልፍ እሷ ከጀርባው አልተንቀሳቀሰችም። በመጨረሻ ወጣ። እናትየው ሁለት ጥርስ በጎደለው አፏ እስከ ጥግ እየሳቀች፣ ልጅየው አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ያቺን ክፍተት ለዓለም እያሳየች። ሀናን ማያውን እያየች ሳቀች፤ እጆቿ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

«ይኸው ነው?» አላት ፎቶ አንሺው። «በምን ያህል መጠን ላውጣው?»

«ያለህ ትልቁ ይሁን» አለችው። «ሳሎኔ ውስጥ፣ በር ላይ ሆኖ የሚታይ።»